ለአርባው የሚደርስ ሹራብ

እርጥብ ሱፍ ሲሸተኝ ይደክመኛል። ሌላውን ሰው ምናልባት ያስነጥሰው ይሆናል፤ እኔን ግን ትከሻዬን ይጫነኛል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ የሆነ ቦታ ቁጭ ብዬ ካልቆጠርኩ የሚያሰኝ ነገር ይመጣብኛል። ባለፈው ሐምሌ ከሥራ ወጥቼ ወደ ጎተራ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ ዝናብ የመታት አንዲት ሴት ሹራቧን እንደለበሰች አጠገቤ ገባች። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ሽታው ታክሲውን ሞላው። በካዛንቺስ በኩል ነበር የምናልፈው። የኛ ሰፈር የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ አስፋልት ሆኗል፤ ግቢያችሁ የቱ ጋ ነበር ብባል በእርግጠኝነት አላሳይም። መብራት ሲይዘን ዞር ብዬ አየሁ፤ የማውቀው ነገር አልነበረም። ሽታው ግን መልሶ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አደረገኝ።

ግቢያችን ውስጥ አራት ቤቶች ነበሩ፣ ሁሉም የቀበሌ። እኛ ከበሩ ሲገባ በግራ በኩል ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እንኖር ነበር፤ እማዬ፣ አባዬና እኔ። አባዬ ቀያሽ ስለነበር ብዙውን ጊዜ ፊልድ ነው። ሲመጣ ጭቃ የበላውን ቦቲውን በር ላይ ያወልቃል፣ ሦስት ቀን ይተኛል፣ ተመልሶ ይሄዳል። እማዬ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እዚያ ያሉት ሴቶች በሙሉ ሹራብ ይሠሩ ነበር። ፋይል የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ክርና መርፌው ወደ መሳቢያ ይገባል፣ ሰውዬው ሲሄድ ይወጣል። አንዳንድ ቀን ይዛኝ ስለምትሄድ አይቻቸዋለሁ። እስከዚያ ዓመት ድረስ የመንግሥት ሥራ ማለት ሹራብ መሥራት ይመስለኝ ነበር፤ ወረቀቱ ደግሞ ለመደበቂያ።

እኔ ምንም ነገር የማልጨርስ ልጅ ነበርኩ። የሣልኳቸው ቤቶች ጣራ የላቸውም። የጀመርኩት ዳንቴል የሳንቲም ያህል ሰፍቶ አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል። የቃል ጥናት ደብተሬ እስከ ሦስተኛው ገጽ ድረስ በጣም ያምራል። እማዬ "ይቺ ልጅ ስትወለድም አሥር ደቂቃ ሲቀራት ልተወው ብላ ነበር" እያለች በሰው ፊት ትቀልድብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ለምን እንደምስቅ ግን አላውቅም።

የዚያን ዓመት ግንቦት ላይ የእማዬ ሆድ ገፋ። ቢጫ የሱፍ ክር ገዝታ የሕፃን ሹራብ ጀመረች። የግቢያችን ሴቶች አልወደዱላትም። ሳይወለድ ልብስ አይዘጋጅም፣ ደግ አይደለም ይሉ ነበር። እማዬ "የሚወለደው ክረምት ነው፤ ብርዱ እኔን አይጠብቅም" ትላቸውና ትስቃለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ክሩን እይዝላታለሁ። ሹራቡ በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ ለአሻንጉሊት የሚሠራ ይመስል ነበር። ጀርባው አለቀ፣ ፊቱ አለቀ፣ አንደኛው እጅጌ አለቀ፣ ሁለተኛው ከትከሻ ተነሥቶ እስከ ክርኑ ደረሰ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ተዘጋ፣ ዝናቡም ገባ። በራችን ላይ የሚሮጠው ጎርፍ ላይ የወረቀት ጀልባ እንለቅ ነበር። የኔ ጀልባ ቱቦው አፍ ላይ ካለው ብረት ተሰክታ ቆመች። በእጄ አልደርስ አለኝ። ሮጬ ገባሁና ረጅም ነገር ስፈልግ የእማዬን አንዱን የሹራብ መርፌ አነሣሁ። ጀልባዋን ገፋኋት፣ አለፈች። መርፌውም ከእጄ አምልጦ አብሯት አለፈ።

እማዬ ሁለት ቀን ፈለገችው። ያን ሆድ ይዛ ተንበርክካ አልጋ ሥር ስትፈልግ አስታውሳለሁ።

"መርፌዬን አላየሽም?"

"አላየሁም።"

"እስቲ እግዜር ያሳይሽ፣ በደንብ አስቢ።"

"አላየሁም አልኩ እኮ።"

"በቃ፣ መርካቶ የወጣሁ ለት እገዛለሁ" አለችና ክሩን የቀረው መርፌ ላይ እንዳለ ጠቅልላ አስቀመጠችው። መርካቶ ሳትወጣ የሐምሌ አቦ ለት በጠዋት ምጡ ያለ ጊዜው መጣ። የጎረቤት መኪና ተለምኖ ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። በሦስተኛው ቀን እጇን አጣጥፋ ተመለሰች። ሕፃን አልነበረም።

ለእኔ ማንም ምንም አልነገረኝም። ዛሬ ሳስበው ይህ ያናድደኛል፤ ልጅ የማይገባው ነገር ካለ ያላስረዱት ነገር ነው። የመጡት ሴቶች ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፣ "እሷ ተርፋለች፣ ተመስገን ነው" ተባባሉ፣ "ልጅነት አለሽ፣ ገና ትወልጃለሽ" አሏት፣ ሄዱ። አንዷ ስትወጣ "ወንድ ነበር አሉ" ብላ ለሌላዋ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ድንኳን አልተተከለም። ክርስትና ላልተነሣ ልጅ እድር ድንኳን እንደማይተክል፣ ለቅሶም እንደማይቀመጡለት ያኔ የት አውቄ። እኔ የማውቀው ሰው ሲሞት ድንኳን እንደሚተከል ነው። ድንኳን ከሌለ የሞተ የለም።

ስለዚህ የራሴን ታሪክ ሠራሁ። የክፍሌ ልጅ የሆነች አንዲት ልጅ ትንሽ ሆኖ የተወለደ ወንድም ነበራት፤ ሆስፒታል ውስጥ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ አንድ ወር አቆይተው ነው የሰጧቸው። የኔም ወንድም እዚያ ነው ማለት ነው። ያልመጣው ብርድ ስለሆነና ሹራቡ ስላላለቀ ነው። ሹራቡ ያላለቀው መርፌው ስለጠፋ ነው። መርፌው የጠፋው በኔ ነው። ይህን ሁሉ በልቤ ደጋግሜ ስደረድረው አንድም ቦታ አይላቀቅም ነበር። ወንድሜን ሆስፒታል ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ፣ ምግብም እንቅልፍም ከለከለኝ።

አንድ ተስፋ ብቻ ነበረኝ። በዚያው ዓመት ፋሲካ ሰሞን እጓሮ ያሉት ጎረቤቶቻችን ልጅ ክርስትና ሲነሣ ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ቤተክርስቲያን እንደሚገቡ ነግረውኝ ነበር። ሰው ከገዛ ክርስትናው አይቀርም። ስለዚህ ወንድሜ በአርባኛው ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ እስከዚያ ድረስ ሹራቡን ማድረስ አለብኝ። ቆጠርኩ፤ አርባው የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ይውላል።

እማዬ ሹራቡን በፌስታል ቋጥራ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወርውራው ነበር። ወንበር ላይ ቆሜ አወረድኩትና ፊት ለፊታችን ወደሚኖሩት እትዬ ለተብርሃን ሄድኩ።

እትዬ ለተብርሃን ጡረታ የወጡ የቢሮ ጸሐፊ ነበሩ፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ያን ሁሉ ዓመት ታይፕ የመቱ ጣቶች ባዶ መቀመጥ ስለማይችሉ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይሠራሉ። ያደጉት አዲግራት ነው። አማርኛቸው ከማናችንም የጠራ ነበር፤ ክር ሲቆጥሩ ግን በትግርኛ ነው፤ "ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ..." እኔ ይህ የሹራብ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር። እማዬም ቢሮ ውስጥ በልቧ እንዲህ የምትቆጥር ነበር የሚመስለኝ።

"እትዬ፣ ሹራብ ያስተምሩኛል?"

"ለምንሽ?"

ፌስታሉን ፈታሁላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ መልሰው አጠለቁና እንደገና አዩት።

"እናትሽ ታውቃለች?"

"አታውቅም። እንዳይነግሩብኝ።"

"ይህን ልትጨርሺው ነው?"

"አዎ።"

"ጀምሮ ለሚተው ሰው ጊዜ የለኝም። ዛሬውኑ ንገሪኝ፤ ካልሆነ ፌስታሉን የነበረበት መልሺው።"

"እጨርሰዋለሁ አልኩ እኮ።"

"'እናቴን' በይ።"

"እናቴን።"

ከዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ሁለት መርፌ አወጡና በእማዬ መርፌ ላይ የነበሩትን የክር ቀለበቶች በአንዱ ላይ አንድ በአንድ አስተላለፏቸው። እንዲህ ሲያደርጉ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ስንት ቀለበት እንዳለ አስቆጠሩኝ፤ ከዚያ ቁጥር አንድ ቢያንስ ወይ ቢበልጥ ቆሜ ስህተቴን መፈለግ አለብኝ። ሕጉ ይኼ ብቻ ነበር። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያውን ቀን አራት ረድፍ ሠራሁ። እትዬ ለተብርሃን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ዘረጉት፤ በመሀሉ ጣቴ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበረው።

"ተርትሪው።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። እኔ አንድ ደብዳቤ ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳትኩ ወረቀቱን ቀድጄ ከላይ ነበር የምጀምረው። አለቃዬ ላያየው ይችላል። እኔ ግን አይቼዋለሁ።"

የተተረተረ ክር ይጨማደዳል፤ እንዳለ ቢሠሩት ሹራቡም ይጨማደዳል። ስለዚህ ይታጠባል። ክሩን በወንበር መደገፊያ ላይ አጠንጥነን፣ አስረን፣ በሳሙና ውሃ ነክረን፣ ከሰል ምድጃ አጠገብ እንሰቅለዋለን። ሐምሌ ነው፣ ፀሐይ የለም፣ ክሩ ለመድረቅ ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። ቤቱ እርጥብ ሱፍ ይሸታል፤ የእርጥብ በግና የተቃጠለ ፀጉር መሀል ያለ ሽታ ነው። እኔ እዚያ ሽታ ውስጥ ተቀምጬ ክር እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። በልቤ ቀን እቆጥራለሁ። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት። ስንቴ እንደተረተርኩ አላስታውስም። ክሩ ከመታጠብ ብዛት ፀጉር እያወጣ ሄደ፣ ቢጫውም ደበዘዘ።

እማዬ ደግሞ የወሊድ ፈቃዷን ሳትጨርስ ቢሮ ተመለሰች። እትዬ ለተብርሃን "አልማዝዬ፣ ወገብሽ እንኳ አልጠና፣ ምን አጣደፈሽ?" ቢሏት "ቤት ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ እትዬ" አለቻቸው። ማታ ስትመጣ ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። አናግራት ነበር፣ "እሺ" ትለኛለች። "እማዬ ራበኝ" ስላት "እሺ"፣ "እማዬ ጣራው ያፈሳል" ስላት "እሺ"። ተቆጥታኝ የማታውቀውን ያህል ብትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። መርፌውን ማን እንደጣለው አውቃ የተወችኝ ይመስለኝ ነበርና።

አባዬ በመሀል አንዴ መጣ። ያን ጊዜ ሦስት ቀን አልተኛም። መሰላል ተውሶ ጣራ ላይ ወጣና የማያፈሰውን ቆርቆሮ ሁሉ ሳይቀር ሲመታ ዋለ። እማዬ ታች ቆማ ሚስማር ታቀብለዋለች። አንድም ቃል አይነጋገሩም። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ግንባሬን ሳመኝና ፊልድ ሄደ። እኔ ጣራውን የሚጠግነው ሕፃኑ ሲመጣ እንዳይበርደው ነው ብዬ ደስ አለኝ። እንዲያውም ሁሉም ሰው በስውር እየተዘጋጀ ነው ብዬ ወሰንኩ።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ተያዘ። እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ እኔም እስከ ቅዳሴ መውጫ እጾማለሁ። ስምንት ሰዓት ሲደርስ ከቤተክርስቲያን ተመልሼ፣ ያገኘሁትን ቀምሼ፣ እትዬ ለተብርሃን ዘንድ እገባለሁ። በረሃብ የተሠራው ረድፍ ሁልጊዜ ስህተት አለው። አንድ ቀን እጅጌው እስከ አንጓው ድረስ ደርሶልኝ ሳለ ከታች ሁለት ቀለበት እንዳመለጠኝ አየሁ። ለእትዬ ሳላሳይ ብደብቀው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሹራቡን ከነመርፌው ወረወርኩት። መርፌው ግድግዳ መትቶ ወደቀ።

እትዬ ለተብርሃን አልተቆጡም፣ አላባበሉኝምም። የያዙትን ሥራ እንኳ አላስቀመጡም።

"ሰለቸኝ" አልኳቸው።

"ይስልችሽ።"

"እጄን አመመኝ። አልችልም።"

"ሰልችቶሽም ይሠራል። እኔ ሳይሰለቸኝ የሠራሁት ነገር ያለ መስሎሽ ነው? ባለቤቴ የሞተ ዓመት ሦስት ሹራብ ሠርቻለሁ። ሦስቱንም ሰልችቶኝ ነው የሠራሁት። ማን እንደለበሳቸው አላስታውስም።" ክራቸውን ሳብ አደረጉ። "ስጨርሳቸው ግን አስታውሳለሁ። አንሽው።"

አነሣሁት። ተረተርኩት። ቁጭ ብዬ እንደገና ጀመርኩ። እያለቀስኩ ነበር የምቆጥረው፤ እንዲያም ሆኖ ቁጥሩ ልክ መጣ። ልቅሶዬ ከሁለተኛው ረድፍ በኋላ ቆመ፣ እጄ ግን አልቆመም። ያን ቀን ማታ ከመርፌው መጥፋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልባንን እስኪነጋ ተኛሁ። ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም። አሁንም ማብራሪያ የለኝም፤ የሆነውን ነው የምናገረው።

በማግስቱ "ለአርባው ይደርሳል እትዬ?" አልኳቸው።

"ለምኑ አርባ?"

"ለወንድሜ። ክርስትና ሲነሣ እንዲለብሰው። ከማሞቂያው ሲያወጡት ይበርደዋል።"

የእትዬ ለተብርሃን መርፌዎች ቆሙ። በዚያ ክረምት እጃቸው ሥራ ይዞ ቆሞ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ "ይደርሳል" አሉ። "ስንት ቀን ቀረው?"

"ስድስት።"

"ይደርሳል፣ ሥሪ።"

ለምን ያኔውኑ አልነገሩኝም ብዬ ካደግሁ በኋላ ተቀይሜያቸው ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ እያወቁ አሠሩኝ። ቅያሜዬ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ግን ያን ቀን ቢነግሩኝ እጅጌው ግማሽ ላይ ይቀር ነበር፣ እኔም አብሬው።

ሦስት ቀን ሲቀረው ክሩ አለቀ። በመተርተርና በማጠብ ብዙው ተበጣጥሶ ተጥሏል። የጎደለው የእጅጌው ጫፍ ብቻ ነው፤ ሦስት ጣት ያህል። ያን ቢጫ የሚሸጥ ሱቅ የቱ ጋ እንዳለ የምታውቀው እማዬ ናት፤ እሷን መጠየቅ አይቻልም። እትዬ ለተብርሃን ተነሡና ቢሮ ይለብሱት የነበረውን ቡናማ ሹራባቸውን ከማንጠልጠያው አወረዱ። መቀስ አንሥተው የአንዱን እጅጌ ጫፍ ቆረጡና መተርተር ጀመሩ።

"እትዬ፣ ተበላሸብዎት እኮ።"

"እጥፈዋለሁ። ጡረተኛን ማን ያየዋል።"

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ረድፍ ሠራሁ። ቢጫ ሹራብ፣ የአንድ እጁ ጫፍ ቡናማ። እትዬ ለተብርሃን መስኮቱ ጋ ወስደው ዘረጉት። ቀዳዳ አልነበረውም።

"አለቀ?" አልኳቸው።

"አላለቀም። ቀለበቶቹ አልተዘጉም። መርፌው ከወጣ አንዱ ጫፍ ሲሳብ የሠራሽው ሁሉ ይተረተራል። መዝጋት አለ።"

"ያሳዩኝ።"

"እናትሽ ታሳይሽ።"

"እርስዎ አይችሉም?"

"እችላለሁ። የጀመረችው ግን እሷ ናት።" ሹራቡን ከነመርፌው ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡት። "ነገ ቤት ናት። ቢሮ ፈቃድ ጠይቃለች።"

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ፈቃድ የጠየቀችው ልታመጣው ነዋ። እሷም ቀኑን ታውቃለች ማለት ነው።

በጠዋት ተነሥቼ የፋሲካ ቀሚሴን ለበስኩ። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አጥልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልትወጣ የተነሣች ትመስላለች፤ ግን አትወጣም። ሹራቡን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

"ደርሷል" አልኳት። "መዝጋት ብቻ ነው የቀረው። ዘግተነው ይዘነው እንሂድ።"

እማዬ ሹራቡን አየችው። እጅጌውን አነሣችና በጣቶቿ ዳበሰችው፤ የሷ ሥራ የት አብቅቶ የኔ የት እንደጀመረ ታወቃት፤ እዚያ ላይ ጣቷ ቆመ።

"የት ነው የምንሄደው?"

"ሆስፒታል። ዛሬ አርባው ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ቆጥሬ ነው።"

ዓይኗን ወደ እጅጌው መለሰች። ፈራሁ። ተቆጥታለች፣ ስለ መርፌው ነው ብዬ አሰብኩ። እንግዲህ መናገር ነበረብኝ።

"እማዬ፣ መርፌሽን ቱቦ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ለጀልባዬ ነው። አላየሁም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ሹራቡ ያላለቀው በኔ ነው። አሁን ግን ስላለቀ ይስጡን በያቸው።"

እማዬ ሁለት እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

"ሜሮን፣ ስሚኝ" አለች። "ወንድምሽ ሞቷል። ሲወለድም ሞቶ ነው የተወለደው። በሹራቡ አይደለም፣ በመርፌውም አይደለም። ሹራቡ ቢያልቅም ይሞት ነበር።"

"ማሞቂያ ውስጥ አይደለም?"

"አይደለም የኔ እናት።"

"እና ለምን አልነገርሽኝም?"

"አፌ እምቢ ብሎኝ ነው" አለች። "ለራሴም አልተናገርኩትም።"

ምን እንደተሰማኝ በደንብ አስታውሳለሁ። መጀመሪያ የመጣው ሐዘን አልነበረም፤ ቅልል ያለኝ ነገር ነበር። በኔ አይደለም። ወዲያው ደግሞ ስለቀለለኝ አፈርኩ፤ ወንድሜ ሞቷል ተብዬ ቀለለኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ ከአልጋው ወርዳ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። መርፌውን አነሣች።

"ነይ እንዝጋው።"

"ለማን? የለም አልሽኝ እኮ።"

"ለማንም። ክፍት መሆን ስለሌለበት ነው።"

አሳየችኝ። ሁለት ቀለበት ትሠሪያለሽ፣ ፊተኛውን አንሥተሽ በኋለኛው ላይ አሳልፈሽ ትጥይዋለሽ፤ አንድ ይቀራል። እንደገና አንድ ትሠሪያለሽ፣ ታሳልፊያለሽ፣ ትጥያለሽ። እያንዳንዱ ቀለበት የፊተኛውን ይይዘዋል። ግማሹን እሷ ሠራች፣ ግማሹን እኔ። ተራዬ ሲደርስ "ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ" እያልኩ ስቆጥር ቀና ብላ አየችኝ፤ ማን እንዳስተማረኝ ገባት። የመጨረሻው ቀለበት ሲቀር እማዬ ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው፣ በቀለበቱ ውስጥ አሾለከችና ሳበችው። ጠበቀ። መርፌውን አወጣችው። ሹራቡ ባለበት ቀረ፣ አልተተረተረም።

ያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው። በዚያ ሁሉ ቀን እንዲህ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ሹራቡን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። በራችን ተከፈተ፤ እትዬ ለተብርሃን ጥቁር ነጠላ ለብሰው ቆመዋል። አግዳሚ ወንበራቸውን ጎትተው በራችን ላይ አመጡት፣ ገብተው እማዬን አቀፏት። ከጓሮ ያለችው ጎረቤታችን ድምፁን ሰምታ እየሮጠች መጣች።

"ኧረ ምን ሆናችሁ ነው?"

"ልጅ ሞቶባቸው ነው" አሉ እትዬ ለተብርሃን። "ግቢ።"

ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ አየቻቸው። አርባ ቀን ሆኖታል፣ ያልተጠመቀ ነው፣ ወጉ አይደለም ልትል ነበር መሰለኝ። አላለችም። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ገብታ ተቀመጠች፣ አለቀሰች። ሌሎቹም እየሰሙ መጡ። አግዳሚው ሞላ፣ በርጩማ ተጨመረ። ለምን ዛሬ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም በሴቶቹ መሀል ተቀምጬ ወንድሜን እንደ ሰው አለቀስኩት።

አመሻሹ ላይ ሁሉም ሲሄዱ እማዬ ፊቷን ታጥባ መጣች። ዓይኖቿ አብጠዋል፣ ካፖርት አልለበሰችም። ሹራቡን አጥፋ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ፤ ክረምቱን በሙሉ ያላየችኝን ያህል አየችኝ። ጠራችኝና ጀርባዬን አዙራ ትከሻዬን በስንዝሯ ለካች፣ ከትከሻ እስከ ወገቤም ለካች።

"መቼ ነው እንዲህ ያደግሽው?" አለች።

ዞሬ አየኋት።

"አሮጌው ሹራብሽ ለመስከረም አይሆንሽም። ነገ ክር ለመግዛት አብረን እንወጣለን፤ መርፌም እንገዛለን። ቀለሙን አንቺ ምረጪ።"



"ቀይ" አልኳት።